ከላምበረት የመለስኳት እናቴ

እናቴ ከመንዝ የመጣችው ለሦስት ወር ብላ ነበር። አርሳኝ፣ ልጄን ክርስትና አስነስታ፣ ለገና ቤቷ ልትገባ። መስከረም መጨረሻ ላይ ላምበረት መናኸሪያ ሄደን ስንቀበላት እኔ መውለጃዬ ደርሶ መታጠፍ ስላልቻልኩ ባለቤቴ ነው ከአውቶብሱ በር ላይ እቃዋን ያወረደው። የገብስ ዱቄት የሞላ ማዳበሪያ፣ በጨርቅ የታሰረ የቅቤ ቅል፣ አንዲት ትንሽ የእጅ ሻንጣ። ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥን፣

«አባትሽ ሽሮ እንኳ መሥራት አይችልም» አለችኝ። «ሁላችሁም ከቤት ወጥታችኋል፤ እንጀራውን የጎረቤት ሴት ትሰጠዋለች። ብዙ አልቆይም።»

«ገና ሳትገቢ መሄድሽን ታወሪያለሽ?» አልኳት። ሳቀች።

እኔ ሯጭ ነኝ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ አብሬሽ ፎቶ ልነሳ የሚለኝ ዓይነት አይደለሁም። ውጭ አገር ማራቶን እሮጣለሁ፣ ብዙ ጊዜ ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ እወጣለሁ፣ ተመልሼ ልምምዴን እቀጥላለሁ። የምንኖረው ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ቦሌ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል በፈረቃ ይሠራል፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ልጅ ስንወልድ ማን ይይዛታል ብለን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። እውነቱን ለመናገር ልጁንም አላሰብነውም ነበር። ማርገዜን ሳውቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ሮጬው የማላውቀውን ሰዓት ሮጬ ተመልሼ ነበር። ሁሉም ሰው «አሁን ነው ጊዜሽ» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜው ነበር።

ልጄ ጥቅምት ሲገባ ተወለደች። በአርባኛው ቀን አሰልጣኜ ሊጠይቁኝ መጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። ሙዝና ብርቱካን ይዘው ነበር። ልጄን አቅፈው ትንሽ አጫወቷትና ለእናቴ መልሰው ሰጧት።

«በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ማራቶን አለ» አሉኝ። «ማናጀርሽ ስምሽን አስይዟል። እንደማትደርሺ ከሆነ አሁን እንንገረውና ለሌላ ይስጠው። ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ስድስት ወር አትቸኩይ ብሎኛል።»

«እና?»

«እደርሳለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ? እኔ ቅር አይለኝም። የሚቀጥለው ዓመትም አለ።»

«እደርሳለሁ አልኩዎት እኮ።»

ይህንን የማነሳው ማንም እንዳላስገደደኝ እንዲታወቅ ነው። በኋላ በአሰልጣኜ ላይ፣ በማናጀሬ ላይ፣ በባለቤቴ ፈረቃ ላይ ሳላክክ የኖርኩበት ጊዜ ነበር። አንዳቸውም ሩጪ አላሉኝም። እኔ የፈራሁት የሚቀጥለውን ዓመት ነው። በእኛ ሥራ አንድ ዓመት የጠፋችን ሴት የሚያስታውሳት የለም፤ ከሥር የሚመጡት ልጆች ደግሞ አሥራ ዘጠኝና ሃያ ዓመታቸው ነው፤ አይደክማቸውም።

ታኅሣሥ ሲጀምር ልምምድ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን የካ ዳገት ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሀል፣ አሥር ደቂቃ ሮጬ ቆምኩ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ወገቤ ተላቆ የተሰካ ይመስል ነበር። ሁለት የጡት መያዣ ደርቤ ለብሼ እንኳ ወተቱ አልፎ ማሊያዬን አረጠበው፤ አብረውኝ የሚሮጡት ልጆች አይተው ዘወር አሉ። ቤት ስደርስ አራቱን ፎቅ በእጄ ብረቱን እየያዝኩ ወጣሁ። እናቴ በሩን ከፍታ፣ ልጄን በአንድ እጇ እንዳቀፈች፣ በሌላው ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ቢያባርርሽ ነው?» አለችኝ።

ለገና መሄድ ነበረባት። የልጄ ክርስትና ከገና በፊት ባለው ሳምንት ሆነ፤ በማግስቱ እናቴ ሻንጣዋን አዘጋጀች። «እማዬ፣ ጥምቀትን ብቻ» አልኳት። «ሠራተኛ እየፈለግሁ ነው። እስክትገኝ ብቻ።» ልብሶቿን ከሻንጣው አውጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ አጥፋ አስቀመጠች። ማታ አባቴ ሲደውል «ጥምቀትን ውዬ እመጣለሁ» ስትለው ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። እሱ የመለሰውን አልሰማሁም።

ጥምቀት አለፈ። ሠራተኛዋ ተገኘች፤ ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ አለች። እናቴም ለማክሰኞ ትኬት ቆረጠች። ሰኞ ዕለት ልጄን ጤና ጣቢያ ወስጄ ሦስተኛውን ክትባት አስወጋኋት። ነርሷ «ዛሬና ነገ ትንሽ ሊያተኩሳት ይችላል፣ አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው» ብላ አስረድታኛለች። እናቴ አብራኝ አልነበረችም፤ ለአባቴ ሹራብ ልትገዛ መገናኛ ሄዳ ነበር።

ማክሰኞ ሳይነጋ እናቴ ልጄን ስማ ወጣች፤ ባለቤቴ ሌሊት ሥራ ስለነበረ የጎረቤታችን ልጅ በመኪናው ላምበረት አደረሳት። እኔ የስፖርት ልብሴን ለብሼ ሠራተኛዋን መጠበቅ ጀመርኩ። የዚያን ቀን ሰንዳፋ ላይ ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያዬን ረጅም ሩጫ የምሮጥበት ነበር። የልምምድ መኪናችን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከዋናው መንገድ ላይ ያነሳናል። አሥራ አንድ ሆነ፤ አልመጣችም። አሥራ አንድ ከሩብ ሆነ። ስልኳን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ባለቤቴ ከሦስት ሰዓት በፊት አይወጣም።

ልጄ አልጋው ላይ ተኝታለች። ግንባሯን ነካሁት። ሞቅ ይላል። ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ልብሷን ከፍቼ ብብቷን ነካሁ፤ እዚያም ሞቅ ይላል። ነርሷ ያለችኝን አስታውሻለሁ። ቃል በቃል አስታውሻለሁ። ስልኬን አንስቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ልጅቷ እንደ እሳት ነደደችብኝ።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። እያለቀሰች ነው። ማንም የለም እኔ ጋ። ምን ላድርግ?»

እያለቀሰች አልነበረም። ተኝታለች። ከስልኩ ወዲያ የአውቶብሱ ሞተርና የረዳቱ ጩኸት ይሰማኛል። እናቴ ለረዳቱ ሻንጣዬን አውርድልኝ ስትለው፣ እሱም ከሁሉም እቃ ሥር ነው፣ አሁን ልንወጣ ነው ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ሻንጣ አልያዘችም። ሻንጣዋን መንደራችንን ለሚያውቅ መንገደኛ አደራ ብላ ልካዋለች፤ የአባቴ ሹራብም ውስጡ ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ አልጋው ሄደች። በእጇ ጀርባ የልጄን ግንባር ነካች፣ ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ እግሯን። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የሩጫ ጫማዬን አስሬ ቆሜያለሁ። ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ልጄን አንስታ አቀፈቻት።

«ሂጂ» አለችኝ። «እንዳያመልጥሽ።»

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። መኪናው አላመለጠኝም። የዚያን ቀን ጥሩ ሮጥኩ፤ አሰልጣኜ ሰዓቱን ደጋግመው አዩ። ስመለስ መኪናው ውስጥ ከልጆቹ ጋር እየሳቅሁ ነበር። ያ ሳቅ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ልሂድ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም ሠራተኛ መፈለጌን ተውኩ።

የካቲት ላይ ሌላ ችግር መጣ። ልጄ ጡጦ እምቢ አለች። ረጅም ሩጫ የምወጣበት ቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ስለምቆይ በርሃብ ስታለቅስ ትጠብቀኛለች፤ እኔም ጡቴ ተወጥሮ እጄን ማንቀሳቀስ እስኪያቅተኝ ድረስ ያመኝ ነበር። መፍትሔውን ያመጣችው እናቴ ናት። «ይዣት ልምጣና እዚያው አጥቢያት» አለች።

አሰልጣኜ መጀመሪያ አልወደዱትም። «እማማ፣ ሜዳው ነፋስ ነው፣ ሕፃን ይቀዘቅዛታል» አሏት።

«እኔ የመንዝ ሰው ነኝ ጌታዬ» አለች እናቴ። «ነፋስ እዚያ አይተናል። ይልቅ መቀመጫ ይስጡኝ።»

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ እናቴ በአሰልጣኙ ፒካፕ ጋቢና ከፊት ተቀምጣ፣ ልጄን በፎጣና በጋቢ ጠቅልላ ሰንዳፋ ትመጣ ነበር። እኛ ስንሮጥ መኪናው ከኋላችን ይከተላል። አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አሰልጣኜ ሰዓታቸውን ያቆሙልኛል፤ ከመንገዱ ወጥቼ መኪናው በር ሥር ተቀምጬ አጠባለሁ። ላቤ ልጄ ፊት ላይ ይንጠባጠባል፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። ልጄ ጠጥታ ስትጨርስ ሌሎቹ ልጆች ርቀው ሄደው ብቻዬን እሮጣለሁ። ወንዶቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን እናቴ የቡድኑ አያት ሆነች፤ ውሃቸውን ትይዝላቸዋለች፣ የአንዱን ጃኬት የሌላውን ስልክ ትጠብቃለች፣ «አንተ ረጅሙ፣ ዛሬ ምን ነካህ፣ ኋላ ቀረህሳ!» እያለች በመስኮት ትጮኻለች። ደስተኛ ትመስል ነበር። ደስተኛ ስለመሰለችኝ ጥፋቴ ቀለለኝ። አንዳንዴ ለራሴ «እንደውም እዚህ ይሻላታል» እል ነበር።

አባቴን የሳል ነገር የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ስልክ ላይ ንግግሩን እያቋረጠ ያስል ነበር። «ብርድ ነው» ይላል። እናቴ ጤና ጣቢያ ሂድ ትለዋለች፤ እሺ ይላል፤ አይሄድም። ለእኔ ሲያወራኝ ስለ ሳሉ አያነሳም። «ልጅቷ እንዴት ናት? ሹራቡ ልክ ነው በያት ለእናትሽ። አንቺስ፣ እግርሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። እግሬን የሚጠይቀኝ ሁሌ ነው፤ ተማሪ ሆኜ ለወረዳው ስሮጥ ጀምሮ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ። የሆሳዕና ሰሞን፣ ጠዋት ነው። ጫማዬን እያሰርኩ ስለነበረ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ ሰገነት ላይ የልጄን ልብስ ታሰጣለች።

«እናትሽ ለፋሲካ ትመጣለች?» አለኝ።

«አባዬ፣ ውድድሩ እኮ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ልክ እንደጨረስኩ እኔው ራሴ አመጣታለሁ። ልጅቷንም ታያለህ።»

ደጋግሞ ሳለ።

«ጥሩ ነው» አለ። «እንደሱ ከሆነ ጥሩ ነው። በርቺ።»

ከታች የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። «አባዬ መኪና መጣብኝ፣ ቻው» አልኩና ዘጋሁት። ከአባቴ ጋር የተነጋገርኩት የመጨረሻ ንግግር ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ሁለቱንም ልምምድ ላይ ስለነበርኩ እናቴ ናት ያነሳችው።

ፋሲካን ጉርድ ሾላ ዋልን። እናቴ ዶሮ ሠራች። አባቴ ጎረቤት ቤት እንደገደፈ በስልክ ነገረን።

ወደ ውድድሩ የሄድኩት ረቡዕ ነው። ባለቤቴ ለአምስት ቀን ፈቃድ ወስዶ ስለነበር እሱና እናቴ ልጄን ይዘው ይጠብቁኛል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጄ ከአባቷ እጅ ጡጦ መያዝ ጀምራ ነበር፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመስግኜ ነው የሄድኩት። የደረስኩበት ከተማ የባሕር ዳር፣ ቀዝቃዛ፣ ዝናባማ ነው። በሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ቆሜ ወተቴን እያለብኩ ወደ ገንዳው አፈስ ነበር። ዓርብ ማታ ስደውል ባለቤቴ አነሳ።

«እማዬስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።»

ቅዳሜ ስደውል «ተኝተዋል» አለኝ። ድምፁ ደረቅ ያለ መሰለኝ፤ ልጅ ይዞ ማደር ደክሞት ነው አልኩ። ከውድድር በፊት ባለው ቀን ሰው ከራሱ በቀር ምንም አይታየውም።

እሑድ ሮጥኩ። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊት ካሉት አምስት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ዝናቡ ይመታኛል፤ ጡቴ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ስለ ልጄ አሰብኩ፣ ስለ ሰንዳፋ አሰብኩ፣ ስለ ሰዓቴ አሰብኩ። ስለ አባቴ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ሁለቱ ሴቶች ወደኋላ ቀሩ። ሦስተኛ ወጣሁ። ቀድሞ ሮጬው የማላውቀው ሰዓት ነበር። መስመሩን እንዳለፍኩ አስፋልቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው ያለቀስኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ቦሌ ደረስኩ። ከመውጫው በር ላይ ባለቤቴ ቆሟል፤ ከጎኑ አሰልጣኜና የሕንጻችን ነዋሪ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሦስቱም ነጠላ ለብሰዋል። አበባ የለም። ባለቤቴ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ዓይኔን አያይም።

«ልጄ ናት?» አልኩት። «ልጄ ምን ሆነች?»

«ልጅሽ ደህና ናት» አለ። «በእግዚአብሔር ስም፣ ልጅሽ ደህና ናት። ቤት ከጎረቤት ጋር ናት።»

«እሰይ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አሰልጣኜ ፊታቸውን አዞሩ። በዚያች ደቂቃ ሰው እንደሞተብኝ አውቄያለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም፤ ልጄ ካልሆነች ብዬ እሰይ አልኩ።

መኪና ውስጥ ገባን። ከቦሌ ጉርድ ሾላ እስክንደርስ በመስኮት እያየሁ እናቴ ወይስ አባቴ እያልኩ ነበር። ቤት ስገባ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ እናቴ መሀላቸው የለችም። እሷ ናት ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ናቸው እጄን ይዘው የነገሩኝ። አባቴ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ዓርብ ጠዋት ከመንዝ ተደወለ፤ አባቴ ሐሙስ ማታ ትንፋሽ አጥሮት ጤና ጣቢያ ገብቷል። እናቴ ወዲያው ላምበረት ሄዳ አውቶብስ ያዘች። ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ ለመብላት ሲቆሙ አባቴ አርፎ ነበር። እሷ አላወቀችም። መንደር ስትደርስ ልቅሶውን ከሩቅ ሰምታ ነው ያወቀችው። በማግስቱ ተቀበረ። እኔ ሆቴል ውስጥ ተኝቼ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ለነገው ሩጫ እያረፍኩ በነበርኩበት ሰዓት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ባለቤቴን፤ አንገትጌውን ይዤዋለሁ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ። «ዓርብ ከመንደር ሲደውሉልኝ፣ 'እማማ፣ እንንገራት ወይ?' አልኳቸው። 'አትንገራት' አሉኝ። 'ሩጫዋን ትጨርስ። ለሱ ብዬ አይደል የቀረሁት' አሉኝ።»

በማግስቱ ልጃችንን ይዘን ወደ መንዝ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ልጄ ከአባቷ ጉያ አልወርድም አለች፤ ላጠባት ስል ጡቴን ትገፋዋለች። በልቅሶው ሳምንት ወተቴ ደረቀ።

እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ ዳሱ ውስጥ ቁርበት ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ አንድ እፍኝ አክሏል። እግሯ ሥር ወደቅሁ። ሰው ሁሉ ስለ አባቴ የማለቅስ መስሎት «በቃሽ፣ በቃሽ» ይለኛል። እሷ ብቻ ራሴን በሁለት እጇ ያዘች።

የነገርኳት አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ባለቤቴ ወደ ሥራው ተመልሶ እኔና ልጄ ቀርተን ነበር። ከሰዓት በኋላ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣

«እማዬ» አልኳት፤ «ያን ቀን ልጅቷ ትኩሳት አልነበረባትም። ክትባት ነው። ነርሷ ነግራኝ ነበር። አላለቀሰችም እንኳ።»

እጇ ምስር መልቀሙን አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ትኩሳት አይጠፋኝም። ጫማሽንም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ? በማግስቱ ለምን አልሄድሽም?»

ድንጋዩን ከምስሩ እየለየች ወደ ግቢው ትጥላለች።

«እሄዳለሁ ብል ትለቂኝ ነበር?» አለች። «ሌላ ነገር ታመጪ ነበር። ደግሞ ሄጄ ሩጫውን ብትተዪው በእኔ የተነሳ ይሆናል አልኩ። አባትሽም ቢሆን እንዲያ ነው ያለኝ። 'ጉዳይዋን ትጨርስ፣ እኔ የት እሄዳለሁ' አለኝ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ትንሽ ቆይታ፣ ልትጎዳኝ ብላ ሳይሆን እንዲሁ እንደ ወሬ፣

«በመጨረሻው ሰሞን ከሰዓት ከሰዓት መንገዱ ዳር እየወጣ ይቀመጥ ነበር አሉኝ» አለች። «አውቶብሱ የሚያልፍበት ሰዓት ላይ።»

ሌላ አልጨመረችም። ምስሩን ይዛ ገባች።

ይቅር ብላሻለች ወይ ብሎ ባለቤቴ ጠይቆኝ ያውቃል። እኔ እንጃ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል አንዳችንም አንስተነው አናውቅም። ከእኔ ጋር አዲስ አበባ እንድትኖር ስለምናት ዓመታት አለፉ፤ «ቤቱን ማን ይጠብቃል» ትላለች። ልምጣ ስላት ደስ ይላታል፤ ስሄድ ልጄን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታቅፋለች። ስለ ሩጫ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ሰንዳፋ ላይ በመኪናው መስኮት ስትጮኽ የነበረችዋ ሴትዮ የት እንደሄደች አላውቅም።

ሩጫውን አልተውኩትም። መተው ነበረብኝ ብዬ አውቃለሁ። ግን ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ከዚያ በኋላ ስድስት ማራቶን ሮጫለሁ። ወደዚያ ሰዓት ግን ተጠግቼም አላውቅም። ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሻት ነው ልምምድ የምሄደው፤ ረፍዶም ቢሆን ብቻዬን እሮጣለሁ። እናቴን «እማማ» ትላታለች። አያቷ በእሷ ሰበብ ከአውቶብስ እንደወረደች አልነገርኳትም። ስታድግ ልንገራት ወይስ አልንገራት እስካሁን አልወሰንኩም።

ባለፈው ወር ከእኛ ቡድን አንዲት ልጅ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ካፌ ቀጠረችኝ። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከወለደች ሁለት ወሯ። ፊቷ የእኔን የያኔውን ይመስላል፤ ያበጠ፣ ያልተኛ፣ ግን የቸኮለ።

«አንቺ በአራስነትሽ ሮጠሽ ሦስተኛ ወጥተሻል ይሉኛል» አለችኝ። «እንዴት ቻልሽው? ምን ምን አደረግሽ?»

«እናቴ ነበረች» አልኳት።

«እኔም እናቴን ከወሎ አምጥቻታለሁ። ለሁለት ወር ብላ ነበር፤ እስከ ውድድሩ ትቆይልኛለች።»

ሻይዬን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ላምበረቱን፣ ክትባቱን፣ እሰይ ያልኩበትን። አባቴ መንገድ ዳር ይቀመጥ የነበረውንም። እስከዚያ ቀን ከእናቴና ከባለቤቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጅቷ ሶፍት አውጥታ ዓይኗን ጠረገች፤ እጄን ያዘችኝ።

«እናትሽን ላኪያት» አልኳት። «ዛሬ ከሆነ ዛሬ፣ ነገ ከሆነ ነገ። ልሂድ ስትልሽ አትከልክያት። ልምምዱ ቢቀርም ይቅር።»

«እሺ» አለች። «እውነትሽን ነው። እልካታለሁ።»

ማኪያቶዋን በማንኪያ አማሰለች። ከዚያ እያፈረች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ግን... ሰዓትሽ ስንት ነበር?» አለችኝ።

ሰከንዱን ሳይቀር ነገርኳት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከራሷ ሰዓት ጋር ስታነጻጽር አየኋት። ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ናት። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ትንሽ አባብይልኝ» እያለች ቦርሳዋን አንስታ፣ ጉንጬን ስማኝ ወጣች።